በሁዳዴ ዋዜማ የወለደች ላም

ሰኞ፣ መጋቢት 1 ቀን 2000

ዛሬም ስምንት ሊትር ተረፈኝ። ማሰሮው ሞልቷል፣ ባልዲው ሞልቷል፤ ከጾም ድስቴ በቀር ባዶ ዕቃ የለኝም። እኔ ደግሞ ጾመኛ ነኝ፣ ጠብታውን አልቀምስም። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ይላሉ። የኔዋ ምድር ላይ ናት፤ ወተቷንም እያየሁት ነው፤ የጠፋው ጠጪው ነው።

ወተት የተዉብኝ፦
እነ እማማ ብርቄ፣ ሁለት ሊትር። እስከ ፋሲካ አትድከሚ ብለውኛል።
የመምህሩ ቤት፣ አንድ ሊትር ተኩል።
ሜክሲኮ ያለው ካፌ፣ ከአሥር ወደ አምስት ወርዷል። ባለቤቱ ማኪያቶ የሚያዝ ጠፋ ይላል።
የቀሩኝ ሕፃን ያለበት አንድ ቤትና አንዲት በሽተኛ ናቸው።

ጥፋቱ የኔ ነው። ላሜ ቡሬ የወለደችው የካቲት 16 ነው። እንገሩን ጨርሳ ደህና ወተት መስጠት በጀመረች በአራተኛው ቀን ሁዳዴ ገባ። ባሌ ደምሴ ቢኖር ይህ አይሆንም ነበር። እሱ ላሞቹ ኮርማ ፈልገው ቢጮሁም ዝም ብሎ ይከርምና ሐምሌ ሲገባ ነው አዳቃዩን የሚጠራው። በጣቱ ቆጥሮ ለፋሲካ ሰሞን ያስወልዳቸዋል፤ ያኔ ከተማው ሁሉ ወተትና ቅቤ ነው የሚለው። እኔ ግን ባለፈው ግንቦት፣ ደምሴ ከሞተ ወር ሳይሞላው፣ ቡሬ ቀኑን ሙሉ ስትጮህ ለቅሶ መሰለኝና መስማት አቃተኝ። አዳቃዩን ጠራሁት፣ ዝም አለች። ዘጠኝ ወሩ የት ላይ እንደሚያደርሰኝ ያኔ ማን አሰበ። ሌላዋን ላም ለአርባው ድግስ ስለሸጥኳት ያለችኝ እሷ ብቻ ናት።

ዛሬ ልደታ ናት፤ ቅዳሴውን ከጋጣው ሆኜ ሰማሁት። ቢሮ ሃያ ደቂቃ አርፍጄ ገባሁና በቀይ ፈረምኩ። መዝገብ ቤት ከፋይሎቹ ጋር ስውል ከልብሴ ላይ የላም ሽታ ይመጣብኛል። ለሌሎቹም ይሸታቸዋል፤ በጨዋነት አይናገሩም።

ወተት መድፋት አልችልም። ግፍ ነው። ስለዚህ አንድ ዘዴ አሰብኩ፤ ማታ ማታ አላልባትም። ጠዋት ብቻ ካለብኳት ራሷ ትቀንሳለች። የሚሸጠውን ያህል ብትሰጠኝ ይበቃኛል።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 2

ጠዋት አሥራ አንድ ሊትር ብቻ ሰጠች። ዘዴዬ ሠራ። አንዴ በእግሯ ገፋ አደረገችኝ እንጂ ቆማ ታልባለች። የተረፈው ሦስት ሊትር ነው፤ እሱንም ለእርጎ አስቀመጥኩት። እርጎውን ማን እንደሚንጠው እንጃ። አንድ ሰው መናጥም፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ መፈረምም አይችልም።

ፉርሽካ እንደገና ጨመረ። ፋጉሎውማ አይጠየቅም። ድሮ እኔ ደመወዜን አመጣለሁ፣ ላሞቹ ወተታቸውን ያመጣሉ፣ ተቻችለን እንኖር ነበር። አሁን ቡሬም እኔም በደመወዜ ነው የምንበላው።

ከቢሮ ስመለስ ግቷ ተወጥሮ ጠበቀኝ። አየችኝ። ፉርሽካዋን ሰጥቼ ቶሎ ገባሁ።

ከአጥሩ ማዶ የዘይነብ የልጅ ልጆች ሲሯሯጡ ይሰማኛል። ዘይነብ ከወሎ ተድራ ጌጃ ሰፈር የገባች ጊዜ እኔም አዲስ ሙሽራ ነበርኩ። አብረን ወልደናል። በደምሴ ጊዜ በየቀኑ ሦስት ሊትር ትወስድ ነበር፤ በሩን አንኳኩታም አታውቅም፣ ዝም ብላ ነው የምትገባው። ደምሴ ሲሞት አርባ ቀን ከኔ ጋር መሬት ላይ ተቀምጣለች። በአርባው ማግስት ሰው ሁሉ ሲመክረኝ፣ ላሟን ሽጪ፣ ልጅሽ ጋ ሂጂ፣ ብዪ፣ ተኚ ሲለኝ፣ ደጃፌ ላይ ቆሜ «እባካችሁ ለብቻዬ ተዉኝ» አልኩ። ተዉኝ። ዘይነብም ሰው ናት፤ ከዚያ ወዲህ ያለን የመንገድ ሰላምታ ብቻ ነው።

እሷ ሁዳዴ አትጾምም። ሄጄ ወተት ትፈልጊያለሽ ወይ ልላት አስቤ ነበር። ዘጠኝ ወር ዘግቼባት ዛሬ ወተት ሲተርፈኝ በየትኛው ፊቴ ነው የምሄደው? ተውኩት።

ልጄ ሰላም ከሐዋሳ ደወለች። ያው ናት፤ እማዬ ሽጪያትና ነይ። ባለ ሁለት ክፍል ቤት፣ ባልና ሁለት ልጅ ይዛ እኔን የት ልታስተኛኝ እንደሆነ እሷም አላሰበችም። እሺ አስብበታለሁ ብዬ ዘጋሁ። ከዘጋሁ በኋላ ቤቱ ውስጥ የሚሰማው የግድግዳው ሰዓት ብቻ ነው። ብቸኝነቴ እንዲህ ከስልክ በኋላ ይብሳል። ራዲዮ ከፈትኩ፤ ስለ ምን እንደሚያወሩ ሳልሰማ ራቴን በላሁ።

ረቡዕ፣ መጋቢት 3

ጠዋት ስነካት ዘለለች። በስተኋላ በግራ በኩል ያለው ጡት ይፋጃል፤ ደርቆ ድንጋይ ሆኗል። ስስበው የወጣው ወተት አይደለም፤ ውሃ ውስጥ የተበተነ አይብ ይመስላል። ከደምሴ ጋር ሃያ ዓመት ላም አርብቻለሁ፣ ምን እንደሆነ የሚነግረኝ ሐኪም አልፈልግም። ሁለት ማታ ያስቀረሁት ወተት ውስጧ ተበላሽቶ ነው።

መቅረት ነበረብኝ። ግን ባለፈው ሳምንት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደርሶኛል። ሄድኩ። ቀኑን ሙሉ እጄ ፋይል ላይ፣ ልቤ ጋጣ ውስጥ ሆኖ ዋለ። የአንዱን ሰውዬ የጡረታ ወረቀት ከሌላው የዕድገት ወረቀት ጋር አስሬ አገኘሁት፤ እንደ እድል እኔው ነኝ ያየሁት።

ስመለስ ፉርሽካው እንዳለ ነው፣ አልነካችውም። ጆሮዎቿ ወድቀዋል። ሐኪሙ ጋ ደወልኩ፤ ዛሬ አልደርስም፣ ነገ በማለዳ እመጣለሁ አለ። ጨው በሞቀ ውሃ በጥብጬ በጨርቅ ግቷ ላይ ያዝኩላት። ይቅር በይኝ አልኳት። ለላም ይቅርታ ስጠይቅ ሰው ቢያየኝ አበደች ይለኝ ነበር። ግን የሚያየኝም የለም።

ሐሙስ፣ መጋቢት 4

ሐኪሙ ሞተሩን ደጅ አቁሞ ገባ። ልጅ እግር ነው፣ ግን እጁ ላም ያውቃል። ግቷን ዳስሶ ሲያበቃ ማለብ መቼ እንዳቆምኩ ጠየቀኝ። አላቆምኩም አልኩ። አየኝና፣ እትዬ ዘርፌ እኔ ልፈርድብዎት አይደለም፣ መድኃኒቱን ለመምረጥ ነው አለ። እንዲያም ሆኖ ዋሸሁት፤ አንድ ማታ አሞኝ ሳላልባት አደርኩ አልኩት። ሁለት ማታ ማለት ምን ይከብድ ነበር?

ትእዛዙ፦
በየሁለት ሰዓቱ ማለብ፣ ጠብታ እስከማይቀር።
በጨው ውሃ ማሞቅ።
መርፌ፣ በጡቱ ቀዳዳም የሚገባ መድኃኒት፣ ለሦስት ቀን።
እስከ ረቡዕ ማታ ወተቱን ለማንም አለመስጠት፤ ለጥጃዋም ቢሆን።

የታመመው ጡት ላይመለስ ይችላል አለኝ። ወደ ሌሎቹ ሦስቱ ከተዛመተ ግን የወተት ነገር አበቃ፣ ከዚያ ወዲያ ለሥጋ ነው።

ቢሮ ሄድኩ፣ ፈቃድ ልጠይቅ። የዓመት ፈቃዴ በደምሴ ሕመም ጊዜ አልቋል። ኃላፊያችን አቶ ዮናስ ገና ወጣት ነው፤ ጠረጴዛው ላይ አቧራ አይቀመጥም። ቅጹ ላይ «የፈቃዱ ምክንያት» የሚል አለ። ላሜ ታማብኝ ብዬ ብጽፍ መሥሪያ ቤቱ እስከ ፋሲካ ይስቅብኛል። «የቤተሰብ አባል ታሞብኝ» ብዬ ጻፍኩ። ማን እንደታመመ ጠየቀኝ። ቤቴ ውስጥ ማን እንዳለ ቢሮው ሁሉ ያውቃል፤ ስለዚህ እህቴ ናት፣ ከገጠር መጥታ ነው አልኩት። እህት የለኝም። እግዚአብሔር ይማርልዎት ብሎ የዛሬን ግማሽ ቀንና ነገን ፈረመልኝ። በአንድ ቀን ሁለት ውሸት፣ ያውም በጾም።

ከጋጣው ጀርባ ጉድጓድ ቆፈርኩ፣ ውሻ እንዳይጠጣው። ሰኞ ዕለት ወተት መድፋት ግፍ ነው ያልኩት ሴትዮ፣ ዛሬ ያለብኩትን ሁሉ እዚያ ውስጥ ስገለብጥ ዋልኩ። ቀስ ብሎ ነው የሚሰርገው።

ዓርብ፣ መጋቢት 5

አቦ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን አልሳምኩም። ጣቶቼ አልታጠፍ ብለዋል። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አለብኩ፣ ሁለት ሰዓት ላይ አለብኩ። ጥጃዋ እናቷ ፊቷ ቆማ የእናቷን ወተት ስትከለከል ምን ይገባታል? ትጮሃለች። የስኳር ውሃ ሰጠኋት፣ ተፋችው።

አራት ሰዓት ላይ ብረት በሩ ተከፈተ። ሳይንኳኳ ነው የተከፈተው። ዘይነብ ናት። ጥጃዋ ከትናንት ጀምራ ስታለቅስ እንደሰማች፣ ጠላቷም ብሆን እንደማያስችላት ተናገረችና መልሴን ሳትጠብቅ አለፈችኝ። በአንድ እጇ ሙቅ ውሃ፣ በብብቷ የዱቄት ወተት ጣሳ ይዛለች። በሳህን በጠበጠችው፣ ጣቷን ነክራ ጥጃዋ አፍ ውስጥ አስገባች፣ ቀስ እያለች እጇን ወደ ሳህኑ አወረደችው። ጥጃዋ ጣት የምትጠባ መስሏት ሳህኑን ጨረሰችው። የገበሬ ልጅ መሆኗን ረስቼው ነበር።

ጣሳውን አየሁትና የማን እንደሆነ ጠየቅኳት። የልጅ ልጆቿ የሚጠጡት ነው። ሌላ ምን አላቸው፣ አለችኝ፤ እንዲሁ ነው ያለችው፣ ልትወጋኝ ብላ አይደለም።

እኔ ግን ተወጋሁ። ከአጥሬ ማዶ ሦስት ሕፃናት የጣሳ ወተት ይጠጣሉ፣ እኔ ወዲህ ጠጪ አጣሁ ብዬ ላሜ ውስጥ ወተት አስቀራለሁ። ሁሉንም ነገርኳት። ሁለቱን ማታ፣ ለሐኪሙ የዋሸሁትን፣ ማክሰኞ ወደሷ ልሄድ አስቤ የተውኩትን። ለሰው ስናገረው የመጀመሪያዬ ነው። ሳህኑን እያጠበች ሰማችኝ። ቀና ሳትል እንዲህ አለች፦

«በእኔና በአንቺ መሀል ያለው አንድ ቆርቆሮ ነው። ብትጣሪ እሰማሽ ነበር፣ ዘርፌ። እኔ እኮ ተዉኝ ስላልሽ ነው የተውኩሽ።»

አለቀስኩ። ጋጣ ውስጥ ባልዲ ላይ ተቀምጬ እንደ ልጅ አለቀስኩ። አብሽሪ አላለችኝም። ገፋ አድርጋኝ ባልዲውን ወሰደችና ማለብ ጀመረች። ለባሏ የጁምዓ ምሳ ልታቀርብ ሄዳ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተመለሰች፤ እስከ ምሽት ተፈራረቅን።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 6

የዛሬውን እንዴት ብዬ ልጻፈው።

ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት ላይ በሩ ተንኳኳ። ስከፍት አምስት ሰው ቆሟል፤ አቶ ዮናስ፣ ጸሐፊዋ ጸዳለ፣ ሦስት ከሂሳብ ክፍል። እጃቸው ላይ ብርቱካንና የጭማቂ ጠርሙስ። አዋጥተው በሽተኛ ሊጠይቁ መጥተዋል። ጽፌ ስዋሽ ሰው ጥየቃ ይመጣል ብዬ አንዴም አላሰብኩም። እዚህ አገር ተወልጄ አድጌ፣ በዚህ ዕድሜዬ! ብቻዬን መኖር ይህን እንኳ ያስረሳል።

አስገባኋቸው። ወንበር አነሰ። ከአርባው ወዲህ ቤቴ ወንበር አንሶት አያውቅም። ሁለቱ አልጋ ላይ ተቀመጡ። ዘይነብ ከጓዳ መጥታ ውሃ ሰጠቻቸውና ዓይኗን እኔ ላይ ተከለች። ጸዳለ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ታማሚዋ የት እንደተኛች ጠየቀች፤ ከተኛች አትቀስቅሺያት፣ ስማችንን ንገሪልን አለች። አዎ ተኝታለች ብል ያበቃ ነበር። ብርቱካኑን ተቀብዬ እሸኛቸው ነበር።

አልቻልኩም። ተነሱ አልኳቸውና በጓሮ በር አወጣኋቸው። ጋጣው በር ላይ ተደርድረው ቆሙ። ቡሬ ዞር ብላ አየቻቸው።

«ታማሚዋ ይቺ ናት» አልኩ። «እህት የለኝም። ቤቴ ውስጥ ያለችው ቤተሰብ እሷ ናት።»

አቶ ዮናስ የብርቱካኑን ፌስታል እንደያዘ ቀረ። ከዚያ ጸዳለ መጀመሪያ ሳቀች፣ ሌሎቹም ተከተሉ፣ እኔም ሆዴን ይዤ ሳቅኩ። አቶ ዮናስ አልሳቀም። ወይዘሮ ዘርፌ ይህ ነገር ሰነድ ላይ ሰፍሯል፣ ሰኞ እንነጋገራለን አለኝ፤ እውነቱን ነው። ሊወጡ ሲሉ ግን ወደ ጋጣው ተመልሶ፣ እንደ ሰው፣ «እግዜር ይማርሽ» አላት። ይኼን ጊዜ ዘይነብ እንኳ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች።

ብርቱካኑን የዘይነብ የልጅ ልጆች ላጡት። ልጣጩን ለቡሬ ወረወሩላት። አሸተተች፣ ተወችው፣ እንደገና አሸተተችና በላችው። ከረቡዕ ጀምሮ በፍላጎቷ የበላችው የመጀመሪያ ነገር ነው።

እሑድ፣ መጋቢት 7

ሐኪሙ መጣ። ትኩሳቱ ለቋታል። ሦስቱ ጡቶች ደህና ናቸው፣ አራተኛው ግን ሞቷል፣ አይመለስም አለ። ሁለት ማታ ነበር፣ አንድ ማታ ብዬ የዋሸሁህ፣ አልኩት። አውቄዋለሁ አለኝ።

እሱ ወጥቶ ሰዓት ሳይሞላ ደላላው መኮንን ገመዱን በክንዱ ጠምጥሞ ደረሰ። ወሬ በጌጃ ሰፈር ከሞተር ይፈጥናል። ማዘር፣ ሦስት ጡት ያላት ላም ምን ታደርግልሻለች፣ አሁን ስጪኝና መድኃኒቱ ሲወጣላት አድልቤ ለፋሲካ ላውጣት አለኝ። የጠራው ዋጋ የሦስት ወር ደመወዜን ይበልጣል። አላጭበረበረኝም፣ ደህና ዋጋ ነው።

ብሸጣት፦ ጠዋት እተኛለሁ። በጥቁር እፈርማለሁ። ልብሴ አይሸትም። ሰላም ደስ ይላታል። ከቢሮ ስመለስ የሚጠብቀኝ የግድግዳው ሰዓት ይሆናል።

ባልሸጣት፦ ሩብ ወተቷ የለም። ፉርሽካው አለ። ጠዋት መሮጡ አለ። ፈሪም ነኝ፤ ሌላ ጡት ደግሞ ቢታመምስ?

እንዲህ ሳወርድ ሳወጣ ቡሬ ልታሸተኝ አንገቷን አውጥታ ነበር። አልሸጥም አልኩት። እስከ ሐሙስ አስቢበት አለ፤ አላስብበትም አልኩ። ገመዱን እያወዛወዘ ሄደ። ልክ ሠርቼ ይሁን ተሳስቼ አላውቅም። ለሰላም ደውዬ ነገርኳት። «እማዬ፣ ቢያንስ ድምፅሽ ዛሬ ደህና ነው» አለችኝ።

ሰኞ፣ መጋቢት 8

ዛሬ ዘይነብ ስላለበችልኝ በጥቁር ፈረምኩ። አቶ ዮናስ ጠራኝ። አዲስ ቅጽ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጧል። በአሮጌው ላይ ያለው ውሸት ፋይልዎ ውስጥ እንዲቀመጥ አልፈልግም፣ መዝገብ ቤት የሚሠሩት እርስዎ ነዎት፣ ወረቀት ምን እንደሆነ እርስዎ ያውቃሉ አለኝ። አፈርኩ። «ላሜ ታማብኝ» ብዬ በእጅ ጽሕፈቴ ጻፍኩ። አንድ ቀን ተኩሉ ከደመወዜ ይቆረጣል። እንደገና በቀይ ብፈርም ጉዳዩ ወደ ዲሲፕሊን ነው የሚሄደው፣ ከሱ እጅ ይወጣል።

በር ላይ ስደርስ፣ እንዴት አደረች አለኝ። ደህና አደረች አልኩ።

ኮሪደሩ ላይ የሚያገኘኝ ሁሉ ስለ ቡሬ ይጠይቀኛል። ከሰዓት በፊት ብቻ ከሰባት ሰው ጋር አወራሁ። ጸዳለ ከፋሲካ ጀምሮ ሁለት ሊትር ያዢልኝ ብላለች።

ግን የጠዋቱ ነገር አልተፈታም። ዘይነብ እስከ መቼ ታግዘኛለች? ጥጃዋ አሳዝናት ነው የመጣችው። የሰው ውለታ ገደብ አለው።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 9

ወተቱን ደፋሁ። አራተኛው ጡት ተሰብስቦ ተጨማደደ። ቡሬ መኖዋን ጨረሰች። ደክሞኛል፣ ሌላ የምጽፈው የለም።

ረቡዕ፣ መጋቢት 10

የመጨረሻው መድፋት። ሐኪሙ ሲያልፍ ገብቶ አያት፤ ከነገ ጠዋት ጀምሮ ለሰው ይሆናል አለ። ጉድጓዱን ደፈንኩት።

ከአጥሩ ማዶ ግርግር ነው። ነገ መውሊድ ስለሆነ የዘይነብ ዘመዶች ከወሎ ገብተዋል፣ ድስት ይንኳኳል፣ ሰው ይሳሳቃል። ነይ አላለችኝም። ድሮ ነይ ተብዬ ሄጄ አላውቅም፣ ዝም ብዬ ነበር የምሄደው። አሁን ግን መጠራት ያለብኝ ይመስለኛል። እንግዳ መሀል ጾመኛ ሆኜ ምን ልሠራ?

አልሄድም መሰለኝ።

ሐሙስ፣ መጋቢት 11

ሄድኩ።

ቢሮ ዝግ ነው። ጠዋት ከሦስቱ ጡቶች አሥር ሊትር አለብኩ። ነጭ፣ ንጹሕ። አሸተትኩት፣ በነጭ ጨርቅ አጠለልኩት፣ ጀሪካን ሞላሁና ወደ ዘይነብ በር ሄድኩ። አንኳኳሁ። ራሷ ናት የከፈተችው፤ ጀሪካኑን አየች፣ እኔን አየች።

«በሩ መቼ ተዘግቶ ነው የምታንኳኪው?»

ቤቱ ሞልቷል። ልጆቹ ኩባያ ይዘው ተሻሙ። ትንሿ ቀምሳ ፊቷን አጨማደደች፤ የጣሳውን ስለለመደች ይሄኛው ወፈረባት። ከዚያ ጨምሩልኝ አለች። ከወሎ የመጡት ባልቴት ሁለት ኩባያ ጠጥተው መረቁኝ። እኔ እዚያ ቁጭ ብዬ ሰው የላሜን ወተት ሲጠጣ አየሁ። ደስታዬ ትንሽ አልነበረም።

ስድስት ሰዓት ካለፈ በኋላ ዘይነብ ለብቻዬ ምስርና ጎመን አቀረበችልኝ። ቅቤ ያልነካው ድስት ነው አለች፣ ከሌሊት ጀምራ ለይታ ሠርታው ኖሯል። እንደምመጣ ማን ነገራት? አልጠየቅኳትም። እንግዶቹ ሥጋቸውን፣ እኔ ምስሬን፣ ጎን ለጎን በላን።

ዕቃ ስናጥብ የጠዋቱን ችግር ነገርኳት። ልለምናት አልነበረም፣ እንዲሁ ወጣኝ። እሷ አስባበት ነበር። ለሱብሂ እንደምትነሣ፣ ከሰላቷ በኋላ እንቅልፍ እንደማይወስዳት፣ እስኪነጋ ቁጭ ብላ ግድግዳ እንደምታይ ነገረችኝ። ጠዋት ጠዋት እሷ ታልባለች። ሦስት ሊትር ለልጆቹ ትወስዳለች። የማይሸጠውን ትንጠዋለች፤ ቅቤው ተቀምጦ ለፋሲካ ሲሸጥ እኩል እንካፈላለን። ጾመኛ ቅቤ ቀምሶ ማወቅ አይችልም፣ እኔ እቀምስልሻለሁ አለች። ማታ ማታ እኔ አልባለሁ። ያዋጣል ወይ? በሦስት ጡት፣ በዚህ የፉርሽካ ዋጋ፣ አላውቅም። ግን ሁዳዴን እንሻገር ይሆናል።

አንድ ነገር ቀረ። ማለዳ ብረት በሩ ገና እንደተቆለፈ ነው። እኔ ያለኝ አንድ ቁልፍ ነው፣ ሁለተኛው የደምሴ ነበር። ኮቱ ከበሩ ኋላ እንደተሰቀለ ነው፤ እስከ ዛሬ ኪሱ ውስጥ እጄን አስገብቼ አላውቅም። ዛሬ አስገባሁ። ቁልፉ፣ የታጠፈ መሀረብ፣ አንድ የታክሲ ሳንቲም። ሳንቲሙንና መሀረቡን መልሼ ኪሱ ውስጥ አስቀመጥኳቸው።

ቁልፉን በአጥሩ በር ላይ ሰጠኋት። የማን እንደሆነ አውቃለች። ጫፉን ይዤ ትንሽ ቆየሁ፣ እሷም አልጎተተችውም። ከዚያ ለቀቅኩት።

ነገ ዓርብ ነው። ገና ሳይነጋ በሩ ሲከፈት እንዳልደነግጥ፣ ከአሁኑ ለራሴ ነግሬዋለሁ።